የአሮጌዋ ፒካፕ እውነተኛ እግሮች

ጫማው የጠፋበት ሰው የጎረቤቱን ተውሶ ቢወጣ ማንም አይፈርድበትም፤ መንገዱ ሲረዝም ግን ጫማው በእርሱ ልክ ያልተሰፋ መሆኑን ተረከዙ ይነግረዋል። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። ስድሳና ሰባ ዓመት የሠራች መኪና በዕድሜዋ ሙሉ ብዙ የተውሶ ጫማ ታደርጋለች። አንዱ ባለቤት ቸርኬ ሲጎብጥበት ከቅርብ ያገኘውን ያስርባታል፤ ሁለተኛው ሰፊ ጎማ ስለ ወደደ ሌላ ይለውጥላታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ደኅናዎቹን ሸጦ መናኛዎቹን ይተውላታል። በመጨረሻ መኪናይቱን እንደ ተወለደች አድርጎ ለማደስ የተነሣ ሰው ሞተሩን ፈትቶ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ ወንበሩን አሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ «የዚች መኪና እውነተኛ ቸርኬ የቱ ነው?»

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። «ክብ ከሆነና ከተሽከረከረ ምን ጎደለ?» የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ስመረምረው ሁለት ቁም ነገሮች አገኘሁበት። አንደኛው የእውነት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም «ከፋብሪካ እንደ ወጣች ናት» የሚባልላት መኪና በእርግጥ እንደ ተባለላት መሆን አለመሆኗ ነው። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በማይስማማ ቸርኬ ላይ የቆመች መኪና ባለቤቷንም መንገደኛውንም ይዛ ልትጠፋ ትችላለች። ተማሪዎችም ሆንን በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመርን ወጣቶች ማስረጃን ከወሬ ለይቶ የማወቅን ልምድ ከየትም ልንቀስመው ስለሚገባን፣ ለዛሬው እሑድ ይህችን የብረት ክብ መምህራችን እናድርጋት።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት የታወቀች መኪና እንውሰድ። የአሜሪካው ሼቭሮሌት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 አጋማሽ ላይ፣ አዲስ ቅርፅ ያላቸውን የጭነት መኪናዎች ለገበያ አቀረበ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ። ከነዚያ መኪናዎች መካከል ግማሽ ቶን እየተባለች የምትጠራው ትንሿ ፒካፕ 3100 የሚል ቁጥር ተሰጣት። ጉንጯ ሞላ፣ ትከሻዋ ክብ ያለ፣ የፊቷ ፍርግርግ በአግድም የተደረደረ መኪና ናት። እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ ስትሠራ ቆይታ በብዙ የአሜሪካ እርሻና ሱቅ ደጃፍ አገለገለች። ዛሬ ከድርቆሽና ከሲሚንቶ ተገላግላ በሰብሳቢዎች እጅ የምትሞላቀቅ እመቤት ሆናለች።

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ጎማው የሚቀመጥበትን የብረት ክብ «ቸርኬ» ስንል የጣሊያንን ቃል በራሳችን አንደበት ለውጠን መናገራችን ነው። ጎማ የሚጠግነው «ጎሚስታ»፣ በጎማው ውስጥ ነፋስ የሚይዘው «ካላማዳሪ»፣ ቸርኬውን የሚያጠብቀው «ዳዶ» ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስለዚህ መኪናይቱ አሜሪካዊት ብትሆንም፣ የእግሯን ነገር የምናወሳበት አማርኛ ጋራዥ ውስጥ ያደገ አማርኛ መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ቸርኬ መፈለግ አይደለም፤ የመኪናይቱን የልደት ዓመት ማወቅ ነው። የባለቤትነት ወረቀቷ 1950 ቢል ወረቀቱን ብቻ አምኖ መቀመጥ አይገባም። የመኪና ወረቀት አንዳንድ ጊዜ የተሠራችበትን ሳይሆን የተሸጠችበትን ዓመት ይዞ ይገኛል። መኪናይቱ ግን በአካሏ ላይ የራሷን ምስክሮች ይዛለች። በበሩ መስኮት ጥግ ላይ የምትከፈተው ትንሽ የነፋስ መስኮት የመጣችው በ1951 ነው። በ1952 ደግሞ የውጭው የበር እጀታ በአውራ ጣት የሚጫን ሆነ። እስከ 1953 ድረስ የፊቱ መስተዋት መኻሉ ላይ የተከፈለ ባለ ሁለት ገጽ ነበር፤ በ1954 ግን አንድ ወጥ ሆነ፤ የፊቱም ፍርግርግ ተለወጠ። ፍሬኑም ቢሆን በ1951 በሌላ ዓይነት ተተክቷል። በር ከሌላ መኪና ተወስዶ ሊገጠም ስለሚችል አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት አራቱ ተሰብስበው አንድ ቃል ሲናገሩ ግን ዳኛው ሊፈርድ ይችላል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለችሎት ብቻ አይደለም።

ዓመቷ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ልክ ነው። የ3100 ቸርኬ ስድስት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 5.5 ኢንች፣ ማለትም 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ጎማዋ 6.00-16 የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎማው የሚገባበትን የቸርኬ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ያመለክታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 16 ኢንች የሚባለው የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ቦታ ልክ እንጂ ቸርኬው በውጭ በኩል ጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ የሚገኘው አይደለም። ሜትሩን በውጭው ጠርዝ ላይ የዘረጋ ሰው ከ17 ኢንች በላይ ያነብና «ይህስ የሌላ መኪና ነው» ብሎ ትክክለኛውን ቸርኬ ጥሎ ይሄዳል።

ጂኦሜትሪ በትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል እያለ ያጉረመረመ ተማሪ ቢኖር ጥቅሙን እዚህ ያገኘዋል። ስድስት ቀዳዳዎች በእኩል ርቀት በክብ ላይ ሲደረደሩ፣ ከአንዱ ቀዳዳ መኻል እስከ ጎረቤቱ መኻል ያለው ርቀት ከክቡ መኻል እስከ ዳር ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በ3100 ቸርኬ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች የሚራራቁት በ2.75 ኢንች ይሆናል። ቀዳዳዎቹ አምስት ሲሆኑ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ስለሌሉ አለካኩ ይለወጣል፤ የሁለቱን ጎረቤታሞች ርቀት በ1.7 ማባዛት ወደ ትክክለኛው ልክ ያደርሳል። ከ1948 እስከ 1952 የተሠራችው የፎርድ ኤፍ-1 ፒካፕ ክቧ እንደ ሼቭሮሌቷ 5.5 ኢንች ሆኖ ሳለ ቀዳዳዎቿ አምስት ናቸው። የክቡን ልክ ብቻ ጠይቆ ቀዳዳውን ያልቆጠረ ሰው ቸርኬውን ቤቱ ካደረሰ በኋላ ማዘኑ አይቀርም።

የሼቭሮሌትም ነገር ቢሆን በአንድ ቦታ የቆመ አይደለም። በ1955 አዲስ ቅርፅ ሲመጣ ግማሽ ቶኗ ወደ 15 ኢንች ቸርኬ ወረደች፤ ስድስቱ ቀዳዳዎች ግን ቀጠሉ። በ1971 ደግሞ በኋላ እግር ብቻ የምትነዳው ግማሽ ቶን ፒካፕ የፊት ፍሬኗ በዲስክ ሲለወጥ፣ ስድስቱ ቀዳዳዎች ቀርተው በ5 ኢንች ክብ ላይ አምስት ሆኑ። ስለዚህ «የሼቭሮሌት ቸርኬ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ለገዢው ምንም ያህል አይነግረውም። የየትኛው ዓመት? የየትኛዋ መኪና? ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

አንድ ቀን መርካቶ ሶማሌ ተራ ብቅ ብዬ በዕድሜ ከገፉ አንድ ጎሚስታ ጋር ስጫወት ይህንኑ ነገር አነሣሁባቸው። በአዲስ አበባ መንገድ የምናያቸው ብዙዎቹ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ቸርኬያቸው ባለ ስድስት ቀዳዳ፣ ክቡም ያው 139.7 ሚሊ ሜትር ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ የላንድ ክሩዘሩ ቸርኬ ለአሮጌዋ ሼቭሮሌት ይሆናል ማለት ነዋ?» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ በሩ ስለ ከፈተልህ ቤቱ ያንተ ይሆናል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ከቀዳዳ ቆጠራ የጠለቀ ነበር። መኻለኛው ቀዳዳ ሞዞውን አሳልፎ በደንብ መቀመጥ አለበት። ዳዶው የሚያርፍበት ሾጣጣ ቦታ ከዳዶው ቅርፅ ጋር መስማማት አለበት። ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ጥርሱ አለ። የሼቭሮሌቷ ቡሎን ውፍረቱ ሰባት አሥራ ስድስተኛ ኢንች፣ ማለትም 11.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የላንድ ክሩዘሩ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። የ12ቱ ዳዶ በ11ዱ ቡሎን ላይ ቢዞር የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለዚህ ነገር የተነገረ እስኪመስል ድረስ፣ እንዲህ ያለው እግር የሚወልቀው ቁልቁለትና ኩርባ ላይ ነው።

በዳዶ ነገር ሌላም የሚታወስ አለ። የክራይስለር ኩባንያ ቤተሰብ የሆኑት መኪናዎች፣ ዶጅንም ጨምሮ፣ እስከ 1970 አካባቢ ድረስ በግራ በኩል ያሉት እግሮቻቸው በተቃራኒ ጥርስ ይታሰሩ ነበር። እነዚያን ለመፍታት ሌላው መኪና በሚጠብቅበት አቅጣጫ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ጉልበተኛ ዳዶው የዛገ መስሎት በረጅም ቧንቧ እየታገለ ቡሎኑን ይሰብረዋል። ጉልበት ያለ ዕውቀት የሚያተርፈው ይህንኑ ነው።

ቸርኬው በቀዳዳም በጥርስም ቢስማማ ገና አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ሳሕኑ በክቡ ውስጥ የተበየደው ወይም የተመታው በየት በኩል ነው? ቸርኬ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ጎማውን የሚይዘው ክብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሞዞው ላይ የሚታሰረው ሳሕን ነው። ሳሕኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ እግሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሪው ይከብዳል፤ ኩሽኔታውም ባልተሠራለት ጫና ይደክማል። ሳሕኑ ወደ ውጭ ከቀረበ ደግሞ ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሪው ዘንግ ጫፍ ወይም ከባሌስትራው ጋር ይተሻሻል። ይህን ለማወቅ ቸርኬውን በፊቱ አስተኝቶ፣ ቀጥ ያለ እንጨት በጀርባው ጠርዝ ላይ አጋድሞ፣ ከእንጨቱ እስከ ሳሕኑ ማሰሪያ ገጽ ያለውን ጥልቀት መለካት ነው። ከዚያም ቸርኬው ከተገጠመ በኋላ መኪናይቱ ሳትነሣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙሮ ማየት ከብዙ ጸጸት ያድናል።

አሁን ወደ እውነተኛው ምርመራ እንምጣ። ብረት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለሚያነበው ነው። ብዙ የአሜሪካ ቸርኬዎች የተሠሩት በመኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሳይሆን በዚህ ሥራ በተካኑ ኩባንያዎች ነው። በ1927 ሁለት ኩባንያዎች ተዋሕደው ያቆሙት የዲትሮይቱ ኬልሲ ሄይስ አንዱ ነው፤ የላንሲንጉ ሞተር ዊል ሌላው ነው። እንዲህ ያሉ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ምልክታቸውን በብረቱ ላይ ይመቱ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተሠሩት የሼቭሮሌት ቸርኬዎች ላይ ነፋስ በሚሞላበት ቀዳዳ አጠገብ የሠሪው ፊደል፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር፣ ወሩና ቀኑ ተመትተው ይገኛሉ። ቀለሙንና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሥቶ እነዚህን ፊደላት ማንበብ የድሮ ሐውልት ከማንበብ አይተናነስም። ሕጉም ቀላል ነው፤ ቸርኬው ከመኪናይቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መሠራት አለበት። መኪናይቱ ከተሠራች በኋላ የተመታ ቀን ያለበት ቸርኬ ምንም ቢያምር አብሯት አልተወለደም።

የቀለምና የጌጥ ነገርም የራሱ ታሪክ አለው። የኮሪያ ጦርነት በተካሄደባቸው ዓመታት ለክሮም ሥራ የሚያስፈልጉት ማዕድኖች በአሜሪካ ስላነሱ፣ ከ1951 ጀምሮ በሼቭሮሌት ጭነት መኪናዎች ላይ ይታይ የነበረው የሚያብረቀርቅ ጌጥ ቀነሰና ብዙው በቀለም ተተካ፤ የቸርኬው ክዳን እንኳ ሳይቀር። እንግዲህ የ1952 ፒካፕ ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክዳን ያየ ሰው ቢያደንቅ አይፈረድበትም፤ ዐዋቂው ግን በልቡ ይጠራጠራል። በዚያው በ1951 የእኛው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ መዝመቱን ስናስታውስ፣ አንዲት ክዳንና አንድ ሻለቃ ጦር በአንድ ጦርነት ውስጥ በየበኩላቸው ስፍራ እንደ ነበራቸው እንረዳለን።

እስካሁን ስለ እውነተኛነት ተናገርን። እውነተኛ የሆነ ሁሉ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሰባ ዓመት ጭነት የተሸከመ ብረት ሊደክም ይችላል። በቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ካለ፣ ቀዳዳዎቹ ከክብነት ወደ ዕንቁላል ቅርፅ ከተለወጡ፣ የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ቦታ በዝገት ከተበላ፣ ወይም አንድ ሰው ስንጥቁን በብየዳ ሸፍኖት ከሆነ፣ ያ ቸርኬ በመንገድ ላይ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ይሰቀል። ወፍራም ቀለምም ሌላው ጠላት ነው። ቸርኬው ከሞዞው ጋር በሚገናኝበት ገጽና ዳዶው በሚያርፍበት ቦታ ላይ የተደራረበ ቀለም እየተጨፈለቀ ሲሳሳ ዳዶው ይላላል። ስለዚህ እነዚያን ቦታዎች በስሱ መቀባት፣ ዳዶዎቹን ተራ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እያማረጡ ማጥበቅ፣ ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላም ደግሞ መፈተሽ ይገባል።

ካላማዳሪም እንዲሁ ሊዘነጋ አይገባውም። ያለ ካላማዳሪ የሚሠራው ጎማ በአሜሪካ መኪናዎች ላይ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ቸርኬዎች ሳሕናቸው ከክቡ ጋር በሪቬት የተያያዘ ስለሆነ ነፋሱ በሪቬቱ በኩል ሊያመልጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቸርኬ ላይ የሚገባው ካላማዳሪ ያለው ጎማ ነው። ከግማሽ ቶን ከፍ ያሉ የጭነት መኪናዎችን የሚያድስ ሰው ደግሞ ባለ ቀለበቱን ቸርኬ ይጠንቀቅ። ይህ ከሁለትና ከሦስት ቁራጭ የሚገጣጠም ሲሆን፣ ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ነፋስ ከተሞላበት እንደ መድፍ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። የአሜሪካ መንግሥት በ1980 እንዲህ ያሉት ቸርኬዎች በብረት ቀፎ ውስጥ ሆነው ነፋስ እንዲሞሉ የሚያዝ ደንብ ያወጣው ስንት ሠራተኛ ከተጎዳ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ድፍረት ጀግንነት አይባልም።

ታዲያ ትክክለኛው ቸርኬ የት ይገኛል? አስቀድሞ በራሷ በመኪናይቱ ሥር ይፈለግ። ከጭነቱ ወለል በታች የታሰረው ትርፍ ጎማ ብዙ መንገድ ስለማይሄድ ከአምስቱ መካከል ሳይለወጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ጭቃው ሲታጠብ የቀሩትን አራቱን የምንመዝንበት ሚዛን ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ የፋብሪካው የመለዋወጫ ዝርዝርና የመገጣጠሚያ መመሪያ ይመርመር። ለገበያው ደግሞ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር ኸርሺ በምትባል ከተማ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚቆመው የአሮጌ መኪና ገበያ ዝነኛ ነው። ከ1955 ጀምሮ በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥንት አውቶሞቢሎች ማኅበር የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ ዝገት የለበሰ ብረት በሜዳ ላይ ተዘርግቶ እንደ ወርቅ ይጠየቃል። እዚያ የሚሄድ ሰው ሜትር፣ የሽቦ ብሩሽና ልኩ የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይያዝ። አራቱን በአንድ ቀን አገኛለሁ ብሎም አይቸኩል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏልና አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው ለከርሞ ቢገኝ አይጎዳም።

ፈልጎ ያጣ ሰውስ ምን ያድርግ? በእኔ በኩል አዲስ የተሠራ፣ ልኩ የተካከለ፣ ጤናማ ቸርኬ ማሰር ምንም ኃጢአት የለበትም። ኃጢአቱ ያለው አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ፣ የተመታውን ቀን ፍቆ ሌላ መምታት ላይ ነው። የመጀመሪያው መጠገን ሲባል፣ ሁለተኛው ማስረጃ ማጥፋት ይባላል። ቅን ባለቤት በአንዲት ደብተር ላይ «ይህ ቸርኬ ከትርፉ የተገኘ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከገበያ ተገዙ፤ አራተኛው አዲስ ሥራ ነው» ብሎ ከነዓመቱ ይጽፋል፤ የፈታውንም አሮጌ ቸርኬ ምልክት አድርጎበት ያኖረዋል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ያን ደብተር ሲያገኝ መገመት አያስፈልገውም።

መዝገብ በእጃችን ለሚገባ፣ የሰው ጉዳይ በፊርማችን ለሚያልፍ ወጣቶች ነገሩ ከመኪና አልፎ ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቀዳዳው ስለ ገጠመ ብቻ የታሰረ ስንት ነገር አለ! አስቀድሞ ዓመቱን ማጣራት፣ ቀጥሎ መለካት፣ ምስክሮችን ማነጻጸር፣ የተለወጠውንም ተለውጧል ብሎ መጻፍ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ሐቅ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ሶማሌ ተራም ኸርሺም ለሽያጭ አያቀርቡልንም።